ቻቻ ኑሩል መዝጊያውን ያነሱ ዕለት

ብረት የሰው አጥንት ላይ ሲያርፍ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ከባድ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ቀለል ያለ ነው። ሰው ይህን ያህል በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን ያወቅሁት ሮም ውስጥ፣ ፒኜቶ በሚባለው ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ታሪኩን ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰብለ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ባዳንቴ ነበርኩ። ጣሊያኖች አዛውንት የምትጦርና እዚያው ቤታቸው የምታድር ሠራተኛን እንዲህ ነው የሚሏት። የምጦራቸው ሴት ሲኞራ ኤሌና ይባላሉ። ሰማንያን ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው በብረት መደገፊያ ከመኝታ ቤት ሳሎን የሚመላለሱ ሴት ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲከፋቸው ይጮሁብኛል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ኮክ ልጠው ከራሳቸው ሳህን ያቀብሉኛል። ፔርሜሶዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው እሳቸው ቤት ባለኝ የሥራ ውል ነው። ሥራዬ ከሄደ ወረቀቴም አብሮ ይሄዳል። ደሴ ደግሞ እኔን ብቻ የሚጠብቁ እናት ነበሩኝ።

ሲኞራ ኤሌና ዳቪዴ የሚባል የልጅ ልጅ አላቸው። ሥራ ስጀምር ቦርሳ አንጠልጥሎ ከትምህርት ቤት እየመጣ ምሳ የሚበላ ልጅ ነበር። ስሜን በትክክል መጥራት ሲያቅተው ሴቤ አለኝ፤ በዚያው ቀረ። ከእሱ በቀር ሴቤ የሚለኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። አድጎ ጢም ካበቀለ በኋላም እሑድ እሑድ ይመጣል፤ አያቱን ይስማል፣ የሠራሁትን ፓስታ ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ስልኩን እያየ ይወጣል።

ከሕንጻችን ሥር የቻቻ ኑሩል ሱቅ ነበር። ቻቻ በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። የሰፈሩ ጣሊያኖች ግን ሱቁንም ባለቤቱንም በአንድ ቃል «ባንግላ» ነው የሚሉት። «ባንግላው ጋ ወርደሽ ቢራ አምጪልኝ» ይለኝ ነበር ዳቪዴ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሚጥሚጣ የሚሆን ቃሪያ ፍለጋ ስገባ ከሌላው አልተሻልኩም።

«ህንድ ነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ሶማሊያዊት ነሽ?» አሉኝ መልሰው።

«አይደለሁም።»

«አሎራ፣ እንግዲያውስ ገብቶሻል» አሉና ቃሪያውን መዘኑልኝ።

ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን። የምንግባባው በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነው፤ የሁለታችንም ስብራት የተለያየ ስለነበር አንዳችን የጎደለንን ሌላችን እንሞላለን። «ማ» ይሉኛል። እናት ማለት ነው፤ በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ወጣት ሴትን እንዲህ ነው የሚጠራው። እኔም ደሴ እያለሁ ሽማግሌዎች «እናቴ» ይሉኝ ስለነበር ቶሎ ለመድኩት።

ሲኞራ ኤሌና ከምሳ በኋላ ሲተኙ እወርድና ሱቁ ውስጥ በተገለበጠ ሣጥን ላይ እቀመጣለሁ። ቻቻ ኑሩል ስለ ባንግላዴሽ ሲያወሩ ፊታቸው ሌላ ሰው ይሆናል። «አገሬ ድንጋይ የለውም» አሉኝ አንድ ቀን። እኔ ተራራ ሥር ያደግሁ ሰው ይህን ማመን አቃተኝ። ምድሩ በሙሉ ታላላቅ ወንዞች ከሂማላያ እየጠረጉ ያመጡት ደለል ነው። ለመንገድ ጠጠር ሲያስፈልጋቸው ጭቃውን ጡብ አድርገው ይተኩሱና መልሰው ይሰብሩታል። የእሳቸው መንደር ሻሪአትፑር በሚባል አገር፣ ፓድማ የሚባለው ወንዝ ዳር ነው። ህንድ ውስጥ ጋንጀስ የሚሉት ወንዝ እዚያ ሲደርስ ፓድማ ይባላል። ወዲህ ማዶ ቆመህ ወዲያ ማዶ አይታይህም። በክረምት ዳርቻውን ይበላዋል። ሰው ከእንቅልፉ ሲነሳ የጎረቤቱ ማሳ የለም። ያን ጊዜ የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ፣ ምሰሶውን ፈትቶ፣ ጀልባ ላይ ጭኖ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ወንዙ የበላውን አፈር ሌላ ቦታ ወስዶ ደሴት አድርጎ ይተፋዋል፤ በዚያች አዲስ መሬት ደግሞ ሰዎች በጦርና በዱላ ይጋደላሉ።

ልጅነታቸውን ያወሩኝ በአንድ ዝናባማ የክረምት ቀን ነው፣ ሱቁ ውስጥ ማንም ሳይኖር። አገራቸው ያኔ የፓኪስታን ምሥራቃዊ ክፍል ነበር፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ህንድ ተጋድሞ። ገዢዎቹ ያሉት በወዲያኛው በኩል ነው። የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው ሲሏቸው ዳካ ውስጥ ለቤንጋልኛ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። ቂሙ እየተጠራቀመ ቆይቶ በፈረንጆቹ 1971 ጦርነት ሆነ። ኑሩል ትንሽ ልጅ ነበሩ።

«ወታደሮቹ በጀልባ መጡ» አሉኝ። «እናቴ እኔን ይዛ ኩሬ ውስጥ ገባች። በእምቦጭ የተሸፈነ ኩሬ ነው፤ አፍንጫችንን ብቻ አውጥተን ቅጠሉ ሥር ተደበቅን። ታላቅ ወንድሜ ሀሺም ላሟን ሊፈታ ተመልሶ ነበር። ዳር ላይ ያዙት። ሲደበድቡት ስሜን ጠራ። ‘ኑሩ’ አለ፤ ደጋግሞ ‘ኑሩ፣ ኑሩ’ አለ። መልስ ልሰጠው ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው። ከዚያ ተኮሱ።»

የተቀመጥኩበትን ሣጥን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«እናቴ ልክ ነበረች» አሉ። «ብትለቀኝ ሦስታችንም እንሞት ነበር። ግን እጇ እስከ ዛሬ አፌ ላይ ነው ያለው፣ ማ።»

ሾሄል የሚባል ልጃቸው አብሯቸው ይሠራ ነበር። ሚስታቸው ዳካ ናቸው፤ ባልና ሚስት በስልክ ነው የሚኖሩት። ሾሄል ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ጣሊያንኛውን እንደ ሮማ ልጆች የሚያቀላጥፍ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። አባቱ ሰው ሲሰድባቸው ፈገግ ብለው ያሳልፋሉ፤ እሱ አያሳልፍም።

በዚያ የሮም በጋ የሆኑ ወጣቶች በሞቶሪኖ፣ በትንሿ ሞተር ብስክሌት፣ እየመጡ የሱቁን የፍራፍሬ ሣጥን በእግራቸው ገልብጠው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ጠርሙስ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ሾሄል አድፍጦ ጠብቆ አንደኛውን በአንገትጌው ይዞ ከሞቶሪኖው አወረደውና መሬት ለመሬት ጎተተው። ልጁ ተነስቶ ሲሄድ «እንመጣለን» አለ። ቻቻ ኑሩል ልጃቸውን ተቆጡት። ሾሄል የተበተነውን ብርቱካን ለቀመ።

እነሱም መጡ።

የፌራጎስቶ ዋዜማ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ሮማውያን በዚህ በዓል ከተማውን ጥለው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ በቀትር መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ክፍት የነበረው የቻቻ ኑሩል ሱቅ ብቻ ነው። ሲኞራ ኤሌና ምሳ በልተው ተኝተዋል። ውሃ ልገዛ ወረድኩ። ሾሄል ውጭ ቆሞ ከመኪና ላይ ሐብሐብ ያወርዳል። ቻቻ ኑሩል ባንኮኒው ጀርባ ሆነው ዝንጅብል ይለያሉ። «ሙቀቱ እንደ አገሬ ነው፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ» አሉኝ።

የሞቶሪኖ ድምፅ ሰማን። አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆሙ። ዘወር ስል ሁሉም ሄልሜታቸውን እንዳደረጉ ናቸው። አንዱ የቤዝቦል ዱላ፣ ሌሎቹ ብረት፣ አንዱ የሞቶሪኖ ማሰሪያ ሰንሰለት ይዘዋል። ሾሄል ያቀፈውን ሐብሐብ ጣለው። ወደ ውስጥ መሮጥ ይችል ነበር፤ በሩ ከኋላው ነው፣ አንድ እርምጃ አይሆንም። አልሮጠም። እጁን ዘርግቶ የሱቁን የብረት መዝጊያ ያዘና ከውጭ በኩል በሙሉ ኃይሉ ወደ ታች ጎተተው። በእነሱ ቋንቋ ለአባቱ አንድ ነገር ጮኸ። መዝጊያው መሬት ሲመታ ጨለማ ሆነ።

እኛ ውስጥ፣ እሱ ውጭ።

ከዚያ ድምፅ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሾሄል ጩኸት፣ ቀጥሎ የእነሱ ሳቅ፣ ቀጥሎ ያ በመጀመሪያ የነገርኳችሁ ቀላል ድምፅ። አንዳንዴ ብረቱ ይስትና መዝጊያውን ይመታዋል፤ ያኔ ሱቁ በሙሉ እንደ በርሜል ያስተጋባል። ስልኬን አውጥቼ የአደጋ ጥሪ ቁጥሩን፣ 112ን፣ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ስሜን ጠየቀችኝ፣ መንገዱን ጠየቀችኝ፣ የሕንጻውን ቁጥር ጠየቀችኝ።

«ሰው እየገደሉ ነው» አልኳት።

«መሣሪያ ይዘዋል?»

«ብረት ይዘዋል። እባክሽ ቶሎ ላኪልን።»

«ሲኞራ፣ ካሉበት እንዳይወጡ» አለችኝ።

ቻቻ ኑሩል በመዝጊያው ቀዳዳዎች በሚገባው ጭላንጭል ይታዩኛል። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዝንጅብሉን አልለቀቁትም። ውጭ ሾሄል «አባ» አለ። ጩኸት አልነበረም። ከዚያ ደግሞ «አባ» አለ፤ ይሄኛው ያንሳል።

ቻቻ ኑሩል ወደ መዝጊያው ሄዱ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ፖሊስ እየመጣ ነው፤ አይውጡ» አልኳቸው። «ይገድሉዎታል።»

ዞር ብለው አዩኝ። «እናቴ አፌን ይዛኝ ነበር» አሉ። «አሁን አንቺ አትያዥኝ።»

ለቀቅኋቸው። ጎንበስ ብለው መዝጊያውን ለማንሳት ሲታገሉ አየሁ፤ ሾሄል ሲጎትተው ተጣሞ ነበርና እንቢ አላቸው። እኔም ጎንበስ አልኩ። ሁለታችን ተጋግዘን እስከ ጉልበት ድረስ አነሳነው። ቻቻ ኑሩል በደረታቸው ተስበው ወጡ። እኔ የላይ መደርደሪያ ዕቃ ማውረጃውን ባለ መንጠቆ ዘንግ ይዤ ተከተልኳቸው።

ፀሐዩ ዓይኔን አጥበረበረው። ሾሄል በጎኑ ተኝቷል፤ አስፋልቱ በሐብሐብ ጭማቂና በደም ቀልቷል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ፊቱ ፊት አይመስልም። ቻቻ ኑሩል ማንንም አልመቱም፤ አልለመኑም፤ አልተሳደቡም። ልጃቸው ላይ ሙሉ ለሙሉ ተኙበት፤ ጭንቅላቱን በደረታቸው ሸፈኑት። ለአፍታ ሰዎቹ ቆም አሉ። ከዚያ ዱላ የያዘው «ሽማግሌውንም ጨምርለት» አለ፤ ብረቶቹ ጀርባቸው ላይ ወረዱ። አንዱ ጭንቅላታቸውን መታ።

ዘንጉን አንስቼ የመጀመሪያውን ሰው አንገቱ ላይ መታሁት። ተንገዳገደ። ሁለተኛውን ስሰነዝር ባለ ሰንሰለቱ ከጎን መጥቶ ግራ ክንዴን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው። በጉልበቴ ወደቅሁ። ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ ፊቴ ላይ እንደሚወርድ አወቅሁ።

«እሷን ተዋት!» አለ አንድ ድምፅ። ከእነሱ አንዱ የባለ ሰንሰለቱን እጅ ይዞታል። በሌላ እጁ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ ደም አለ። በሄልሜቱ መስታወት ዓይኑን ሳየው ፊቱን አዞረ።

«ሴቤ፣ ቫ ቪያ» አለኝ። ሴቤ፣ ሂጂ ከዚህ።

ከዚያ ፉጨት ተሰማና ሞቶሪኖዎቹ ላይ ዘለው ሄዱ። ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተና መልሶ ተዘጋ።

አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ቻቻ ኑሩል ከልጃቸው ላይ አልተነሱም። ሲመጡ እንኳ ሐኪሞቹ ናቸው በዘዴ ያነሷቸው። የሚገርመው ቆሙ። ጭንቅላታቸው ብዙ አልደማም። «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጁን እዩልኝ» እያሉ አምቡላንሱ ውስጥ በእግራቸው ገቡ። እኔን በሌላ መኪና ወሰዱኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ሾሄልን ወደ ቀዶ ሕክምና አስገብተውታል። ቻቻ ኑሩል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ራሴን አመመኝ እንዳሉና እዚያው እንደተደፉ የነገረኝ ከእነሱ አገር የመጣ አንድ ሰው ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ከዚያ አልነቁም። ኮሪደሩ በባንግላዴሽ ሰዎች ሞላ፤ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ የመጡ፣ የምግብ ማድረሻ ሣጥን ያዘሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ያሉ ወንዶች። አንዱ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ክንዴ በጀሶ ከታሰረ በኋላ አንዲት ፖሊስ አነጋገረችኝ። «ፊት አይተሻል? ያወቅሽው ሰው አለ?» አለችኝ። ያን ጊዜ በጣም ያመኝ ነበር። «ነገ ልናገር» አልኳት። የስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝና ሄደች።

ከእሷ በኋላ የመጣው የሲኞራ ኤሌና ልጅ፣ የዳቪዴ አባት፣ ሲኞር ፓኦሎ ነው። ለበዓል ባሕር ዳር ነበር። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። አጠገቤ ተቀመጠና ደህናውን እጄን ያዘ።

«እማማ በጣም ተጨንቃለች» አለኝ። «አንቺ የቤተሰባችን ሰው ነሽ፤ ታውቂያለሽ አይደል? ውልሽን በመስከረም እናድሰዋለን። ምንም አታስቢ። ፖሊስ ሲጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ሄልሜት አድርገው ስለነበር ማንንም አላየሽም።»

«ሲኞር ፓኦሎ» አልኩት፣ «ሄልሜት ማድረጋቸውን ማን ነገረዎት?»

እጄን ለቀቀ። «ልጅ ነው» አለ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቻቻ ኑሩል የተኙበት ክፍል በር ይታየኛል። «እሳቸውም ያላቸው አንድ ልጅ ነው» አልኩት። ተነስቶ ሄደ።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ ዳቪዴ ወጥ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ገላውን ታጥቧል፤ ፀጉሩ ገና እርጥብ ነው። እኔ እሑድ እሑድ ፓስታ የማቀርብለት ወንበር ላይ ነበር። በሩን ይዤ ቆምኩ። ፈርቼው ነበር፤ ከዚያ በፊት ፈርቼው አላውቅም።

«አንቺን አልነካሁሽም» አለኝ። «እንዲያውም እኔ ነኝ ያስቆምኩት። አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ባልነግራቸው ኖሮ ይገድሉሽ ነበር።»

«እሱንም አይቻለሁ። ሽማግሌውን የመታቸው ማን ነው?»

እርጥብ ፀጉሩን በመዳፉ ጠረገ።

«ዳቪዴ፣ ብረትህ ላይ ደም ነበር።»

«ለምን ወጣ?» አለኝ። «ማንም ውጣ አላለውም። እኛ የፈለግነው ያንን ጉረኛ ልጁን ነበር። ባንግላው ራሱ ነው መጥቶ የገባበት።»

«ስማቸውን ታውቃለህ?»

«የማንን?»

«ከልጅነትህ ጀምሮ ማስቲካና ጁስ የሸጡልህን ሰውዬ ስም።»

አየኝ። የማሾፍበት መስሎት ነበር መሰለኝ። እውነትም አያውቅም።

የብረት መደገፊያው ወለሉን ሲነካ ሰማን። ሲኞራ ኤሌና በሌሊት ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም። መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የእኔን ጀሶ። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡትም፣ ቢለምኑኝም፣ የሆነ ነገር። መደገፊያቸውን አዙረው ወደ ክፍላቸው ተመለሱና በሩን ዘጉ። ዳቪዴም ወጥቶ ሄደ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የማስበው ስለ ፍትሕ ነበር ብላችሁ እንዳታምኑኝ። የማስበው ስለ ፔርሜሶዬ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት፣ ስለምሄድበት ቤት ነበር። ደግሞም ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ነው። ይህን ዛሬም አልክድም። እጁን ባይዝልኝ ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ሰው አልኖርም ነበር። ግን ያቺ «አባ» የምትል ሁለተኛዋ ጥሪ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ሲነጋ ለሲኞራ ኤሌና ክኒናቸውን ሰጠኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ፖሊሷ ጋ ደወልኩና ያወቅሁትን ሁሉ ተናገርኩ።

ቻቻ ኑሩል ከቀናት በኋላ ሞቱ።

ሾሄል ሲነቃ ግራ ዓይኑ አያይም ነበር፤ ዛሬም አያይም። አባቱ መሞታቸውን የነገርነው እኔና አንድ የመንደራቸው ሰው ነን። አላለቀሰም። የእነሱ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ ተዘጋጅተው ነበር። ሾሄል ግን «ወዴት?» አላቸው። «አያቴ የተቀበረበት ቦታ ዛሬ የፓድማ መሐል ነው። መንደሩም የለም። አባቴን ውሃ ላይ ነው የምታወርዱት? እዚህ መሬቱ አይሄድም። እዚህ ቅበሩት።»

ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው ትልቁ መካነ መቃብር የሙስሊሞች ክፍል አለው። እዚያ ቀበርናቸው። በልማዳቸው ሴት ቀብር ላይ አትቆምም። ዳር ላይ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። ሾሄል በግማሽ ፊቱ ፋሻ ሆኖ መጥቶ ጠራኝ። «ነይ» አለኝ፤ «ከእሱ ጋር የወጣሽው አንቺ ነሽ።» ባልታሰረው እጄ አፈር ጨመርኩ። በውስጡ ጠጠር ነበረበት፤ የሬሳ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ።

ከሲኞራ ኤሌና ቤት የወጣሁት በዚያው ሳምንት ነው። ማንም ውጪ አላለኝም፤ ዕቃዬ ታጥፎ በር ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት። አንዲት ኤርትራዊት ጓደኛዬ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችውን ክፍሏን አካፈለችኝ። ፔርሜሶዬ ሲያልቅ ብዙ ወራት በጭንቅ አለፉ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ የምቀይርበት ጊዜ ነበር። ኋላ በጠበቃ ርዳታ፣ ምስክር በመሆኔም ጭምር፣ ወረቀቴ ተስተካከለ። አሁን የምሠራው ሌላ ቤት ነው። ክንዴ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይነግረኛል።

ፍርድ ቤት የቀረቡት ሁሉም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሄልሜታቸውን ሲያወልቁ ሌላ ፊት አላየሁም፤ ባር ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ የማያቸው ፊቶች ናቸው። ዳኛዋ ዳቪዴን እንዴት እንዳወቅሁት ጠየቀችኝ።

«በስሜ ጠራኝ» አልኩ።

የዳቪዴ ጠበቃ ተነስቶ፣ ይህ የልጁን ደግ ልብ ያሳያል፣ የሚያውቀውን ሰው አድኗል ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው። የሚያውቀውን ሰው አድኗል። ዳኛዋ ወደ ዳቪዴ ዞራ ሟቹንስ ታውቀው ነበር ወይ አለችው። «በየቀኑ አየው ነበር» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ስሙን ያወቅሁት ከክሱ ወረቀት ላይ ነው» አለ። ተፈረደባቸው። ፍርዱ ሲነበብ ደስ አላለኝም፤ ፓስታ ያበላሁት ልጅ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ምን ተቀየረብሽ ብትሉኝ፣ ጀግና ሆንኩ አልላችሁም። ሞቶሪኖ ከኋላዬ ሲቆም ዛሬም ያገኘሁት በር ውስጥ እገባለሁ። የተቀየረው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን እኔን ከሞት ያተረፈኝ ሌላ ምንም ሳይሆን መታወቄ ነው። አንድ ልጅ ስሜን አጣሞም ቢሆን ያውቀው ነበር፤ ለዚያ ብቻ ሲል ሰንሰለቱ አልወረደብኝም። ቻቻ ኑሩል የሁላችንም ጎረቤት ነበሩ፤ ወንድም ነበራቸው፣ ወንዝ ነበራቸው፣ የተሞተለት ቋንቋ ነበራቸው፤ ለዚያ መንገድ ግን «ባንግላ» ብቻ ነበሩ። እኔም በአገሩ ሰው አፍ «ኔራ»፣ ጥቁሯ፣ የምባል ሰው ነኝ። ስለዚህ አሁን የማላውቀው ሰው በአጠገቤ እያደረ እየዋለ ዝም ብዬ አላልፍም። ስሙን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገርመዋል፤ አንዳንዱ ይቆጣል። ግድ የለም።

ባለፈው ዓመት የቻቻ ኑሩል ሚስት ልጃቸውን ሊያዩ ከዳካ መጡ። ቀጭን፣ ፀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሾሄል ቤቱ ጠራኝ። ዓሣ በሩዝ ሠርተው አበሉኝ፤ እስክጠግብ ድረስ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና በቤንጋልኛ ተናገሩ። ሾሄል ለመተርጎም ተቸገረ። 

«እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ባልሽ ጀግና ነው፣ አንበሳ ነው፣ ፍርሃት አያውቅም ነበር ይላታል» አለኝ በመጨረሻ። «እናቴ አላመነችም። አብራው የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ፈርቶ ነበር ወይ ነው የምትለው።»

ምን ልበላቸው? ደስ የሚያሰኛቸውን መናገር እችል ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ማባበያ የሚፈልጉ ሰው አልመሰሉኝም።

«ፈርተው ነበር» አልኩ። «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ነበር። በጣም ፈርተው ነበር። እንደፈሩ ወጡ።»

ሾሄል ተረጎመላቸው። ሴትየዋ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉና አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት ሾሄልን።

«‘አሁን የነገርሽኝ የኔን ባል ነው’ አለች» አለኝ።